እስክንድርያ የግማሽ ቀን ከተማ አይደለችም፦ ለአንድ የጉዞ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ስለ እስክንድርያ በአማርኛ የተጻፈ አንድ የጉዞ ምክር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ምክሩ ካይሮ ለሚደርስ ኢትዮጵያዊ የተጻፈ ነው። ከተማዋ በግማሽ ቀን ታልቃለች፣ ከጥንቱ የቀረ ነገር የለም፣ ትልቁ ዓምድ የፖምፔይ መቃብር ነው፣ ጳጳሶቻችን ሁሉ የተሾሙት እዚያው ባለው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወቅት መምረጥ አያስፈልግም፣ ጾመኛ ስንቁን ይያዝ፣ ከከተማዋ ውጭ የሚታይ የለም ይላል። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ያስታውቃል። ለወገን በራሱ ቋንቋ ምክር መጻፍም የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ምክር ይዞ የሄደ ሰው ገንዘቡንም ቀኑንም ከፍሎ እስክንድርያን ሳያያት ይመለሳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ አስፈልጓል። ከዚህ በታች ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው፤ ቀን ያልተጠቀሰላቸው ወራትም እንዲሁ የአውሮፓውያን ናቸው (ሚያዝያ ስንል ኤፕሪል፣ ጥቅምት ስንል ኦክቶበር)።

«ጠዋት ከካይሮ ተነስተው ከሰዓት በኋላ መመለስ ይችላሉ።» መመለሱስ ይቻላል። ሒሳቡን ግን እንሥራው። ከካይሮው ራምሴስ ጣቢያ እስክንድርያ በባቡር 208 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጉዞው በጥሩ ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሣ ሰው ከጣቢያ ወጥቶ፣ ታክሲ ተስማምቶ የመጀመሪያው በር ላይ ሲቆም 5 ሰዓት አልፏል። አብዛኞቹ ጥንታዊ ቦታዎች 3 ሰዓት ተከፍተው 11 ሰዓት ይዘጋሉ፤ ትኬት መቁረጥ የሚያቆሙት ግን ቀደም ብለው፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ ደግሞ በባሕሩና በማርዩት ሐይቅ መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋች ናት። በስተ ምዕራብ ካለው የቃይትባይ ምሽግ በስተ ምሥራቅ እስካለው የሙንታዛህ አትክልት ቦታ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የባሕር ዳሩ መንገድ፣ ኮርኒሽ የሚሉት፣ ከሰዓት በኋላ በመኪና ይታነቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሌሊት ማደር ዝቅተኛው ልክ ነው።

ስለ ባቡሩም ጽሑፉ «እስክንድርያ ሲባል ይውረዱ» ብሎ አልፎታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ከካይሮ ሲመጡ መጀመሪያ የሚገኘው ሲዲ ጋብር የሚባል ጣቢያ ነው፤ የመጨረሻው መሐጠት መስር ነው። ግማሹ መንገደኛ ሲዲ ጋብር ላይ ሲወርድ እንግዳውም አብሮ ይወርድና ከመሀል ከተማ ርቆ ይገኛል። ሆቴሉ በምሥራቁ የባሕር ዳር ከሆነ ሲዲ ጋብር ይሻላል፤ መሀል ከተማ፣ ራምል አካባቢ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ቁጭ ማለት ነው። በእነርሱ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሐሙስ ማታ ከካይሮ የሚወጣው ባቡር በቤተሰብ ስለሚሞላ ቀደም ብሎ ትኬት መያዝ የግድ ነው።

ባቡሩም ታክሲውም ዋጋውም የሚጻፍበት የዓረብኛ ቁጥር ሌላ ጉዳይ ነው። አሥር ደቂቃ ቢወስድም ከመሄድ በፊት ማጥናት ይገባል፤ ምክንያቱም ቅርጾቹ ያሳስታሉ። የእነርሱ 5 ክብ ስለሆነች የእኛን ዜሮ ትመስላለች፤ ዜሯቸው ደግሞ ነጥብ ብቻ ናት። 6 ሲጽፉ እኛ 7 ብለን እናነበዋለን። 7 እና 8 ጫፋቸው የተጋጠመ ሁለት ዘንግ ናቸው፦ ሹሉ ወደ ታች ከሆነ 7፣ ወደ ላይ ከሆነ 8። 4 የተገለበጠች 3 ትመስላለች። በ56ኛው ወንበር ፈንታ «07»ን ፍለጋ ሠረገላውን ሁለት ጊዜ የሚዞር መንገደኛ የሚፈጠረው በዚህ ነው። የሰዓት ልዩነትም አለ፦ ክረምታቸው ላይ እስክንድርያ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው የበጋ ሰዓታቸው ግን እኩል ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት እንምጣ። «ከጥንቱ ምንም የቀረ የለም፤ አዲሱን ቤተ መጻሕፍት አይቶ መመለስ ይበቃል» የተባለው ነው። እስክንድርያ ታላቁ እስክንድር በ331 ዓመተ ዓለም (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ከመሠረታት ጀምሮ ሰው ተለይቷት አያውቅም። ሰው በአንድ ቦታ ላይ ሲኖር ያፈርሳል፣ ይሠራል፣ ያንኑ ድንጋይ መልሶ ይጠቀማል። በዚያ ላይ ምድሪቱ በመሬት መንቀጥቀጥና በመስመጥ ዝቅ ብላለች፤ ከእስክንድር በኋላ ግብፅን የገዙት የበጥሊሞሳውያን ነገሥታት ሰፈር የነበረው ክፍል ዛሬ በምሥራቁ ወደብ ውኃ ሥር ነው። ስለዚህ የዚህች ከተማ ጥንታዊነት ቀና ብሎ የሚፈልጉት አይደለም፤ ወደ ታች የሚወርዱበት ነው። ጸሐፊው ቀና ብለው አይተው ባዶ ሆኖ አገኙት እንጂ ከተማዋስ አለች።

መጀመሪያ ኮም ኤል ዲካ። ከመሐጠት መስር በእግር ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ ኮረብታ ሲጠረግ ከሥሩ በነጭ እብነ በረድ የተደረደረ ባለ 13 እርከን የሮማውያን አዳራሽ ወጣ፤ የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ቁፋሮውን ቀጠሉ። ጎብኚው ሁሉ አዳራሹን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እኛ ግን ከአዳራሹ አለፍ ብሎ በመስመር የተደረደሩትን የመማሪያ ክፍሎች ሳያዩ እንዳይወጡ እንመክራለን። ከ20 በላይ ናቸው። በሦስት ግድግዳ ዙሪያ የድንጋይ አግዳሚ ተደርድሯል፤ በመሀል፣ ከሁሉ ከፍ ብሎ፣ ደረጃ ያለው የመምህሩ መቀመጫ አለ። ወለሉ ላይ፣ ከመምህሩ ፊት ለፊት፣ ተማሪው ተነሥቶ የሚናገርባት ትንሽ ድንጋይ አለች። የቅኔ ጉባኤ ያየ ሰው ቦታውን ለማወቅ አስጎብኚ አያሻውም። እነዚህ ክፍሎች ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲያስተምሩ የነበሩ ናቸው፤ የጥንቱ ቤተ መጻሕፍት ጠፋ ከተባለ ከረጅም ጊዜ በኋላ ማለት ነው።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መቃጠልም ጽሑፉ «ዓረቦች አቃጠሉት» ብሏል። ይህን ማረም ግዴታ ነው። በኸሊፋው ዑመር ትእዛዝ ተቃጠለ የሚለው ታሪክ በ640ዎቹ ሆነ ከተባለው ድርጊት ከ500 ዓመት በላይ ዘግይቶ የተጻፈ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቀን አልጠፋም፤ በ48 ዓመተ ዓለም የዩልየስ ቄሳር ጦር ያስነሣው እሳት፣ ቀጥሎ የገንዘብና የሊቃውንት መመናመን፣ በ391 ደግሞ ሰራፒስ የተባለው አምላክ ቤተ ጣዖት መፍረስ እየተከታተሉ ነው ያጠፉት። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በ2002 የተመረቀ ሲሆን በእርግጥ ሊታይ ይገባዋል። ግን አርብ ሰዓቱ ከሌላው ቀን ስለሚለይ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ቦርሳም በር ላይ ይቀመጣል። ከፊቱ የቆመውን ግዙፍ የበጥሊሞስ ሐውልት ልብ ይበሉ፤ ከባሕር ሥር ከቃይትባይ አጠገብ የወጣ ነው።

መርከቦችን በመብራት ይመራ ለነበረው ለጥንቱ የመብራት ማማ «ጠፍቷል» ተብሏል። የፋሮስ ማማ በ1303ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1326 ሲያየው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፣ በ1349 ሲመለስ ግን መግባት እንኳ አልቻለም። በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው መሠረት ላይ ምሽጉን አሠራ። ምሽጉ ከሥሩ ያለውን ካላሰቡ ተራ ግንብ ነው። ድንጋዮቹ ባሕሩ ውስጥ ናቸው፤ ከ1994 ጀምሮ ጠላቂዎች ከ2 ሺህ በላይ ድንጋዮች ቆጥረዋል። አንዳንድ ድርጅቶች «ማማውን ጠልቀው ይዩ» ይላሉ፤ ውኃው ደፍራሳ ስለሆነ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ፊት ብቻ ነው የሚታየው፣ ፈቃድም ይጠይቃል። ከባሕሩ ከወጡት ስፊንክሶችና የሐውልት ስብርባሪዎች ጥቂቶቹ ኮም ኤል ዲካ ግቢ ውስጥ ደረቅ መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ ዋና ለማይችል ሰው ይህ ይሻላል። ወደ ምሽጉ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ መሄድ ጥሩ ነው፤ ጠዋት የአስጎብኚ አውቶቡሶች ይሞሉታል።

የግሪክና ሮማ ሙዚየምን ጸሐፊው «ዝግ ነው» ብለው ዘለውታል። ከ2005 ጀምሮ ዝግ ነበር፤ በጥቅምት 2023 ተከፍቷል። ምክሩ ከዚያ በፊት በተሰበሰበ መረጃ እንደተጻፈ ይህ ብቻ ያሳያል።

ትልቁን ዓምድ በተመለከተ፦ «የፖምፔይ መቃብር» አይደለም። ሮማዊው የጦር መሪ ፖምፔይ በ48 ዓመተ ዓለም ግብፅ ጠረፍ ላይ ተገደለ፤ ዓምዱ የቆመው ግን በ298 ገደማ፣ ከ340 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስሙ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ተጓዦች ስሕተት ነው። የቆመለት ሰው ደግሞ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፦ ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ያ ስንክሳራችን የሚያውቀው፣ ዓመተ ሰማዕታት ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ የሚቆጠርለት ንጉሥ። እስክንድርያ ዐምፃበት ለወራት ከብቦ ካስገበራት በኋላ ይህ ወደ 27 ሜትር የሚደርስ ቀይ የአስዋን ግራናይት ለክብሩ ቆመ፤ መሀሉ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። በምዕራብ በኩል ባለው የመሠረቱ ፊት ላይ ስሙ በግሪክኛ ተጽፏል፤ ጽሑፉ ስለደበዘዘ የሚታየው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከሥሩ ወደ ሰራፒስ ቤተ ጣዖት ዋሻዎች የሚያወርድ ደረጃ አለ።

ከዚያ በእግር ጥቂት ሄደው ኮም ኤል ሹቃፋ ወደሚባለው የምድር ውስጥ መቃብር ይገባሉ። ይህን ጽሑፉ «ጨለማ ጉድጓድ» ብሎታል፤ ያሳዝናል። በ1900 አንዲት አህያ በመሬት ሽንቁር ወደቀችና ተገኘ። 99 ደረጃ ያለው ጠመዝማዛ መውረጃ በመሀል ክፍት ጉድጓድ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ሬሳው በገመድ የሚወርደው በዚያ ጉድጓድ ነበር። ከታች ቤተሰቡ ለሙት መታሰቢያ እየተሰበሰበ የሚበላበት፣ ሦስት የድንጋይ መደብ ያለው ክፍል አለ። ተዝካር ማለት ነው፤ ሌላ ስም አንፈልግለትም። ዋናው መቃብር በር ላይ የቀበሮ ራስ ያለውን የግብፆች አምላክ አኑቢስን ጠጋ ብለው ይዩት፦ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሷል። ከበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ጢማም እባቦች የፈርዖንን ድርብ አክሊል ደፍተው በግሪክ ጋሻ ሥር ቆመዋል። የ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ግብፃዊም ግሪካዊም ሮማዊም እንደነበረች በአንድ ድንጋይ ላይ ይነበባል። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ጫማው የማያንሸራትት ይሁን። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች መውረዱን ሳይሆን መውጣቱን ያስቡ፤ ሌላ መውጫ የለውም። ዘበኞች «ዝግ ቦታ ላሳይህ» ሲሉ አመስግኖ ማለፍ ነው።

ወደ ቅዱስ ማርቆስ ነጥብ ስንመጣ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የእምነታችን ታሪክ ነውና። «ጳጳሶቻችን ለ1600 ዓመት የተሾሙት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው» ይላል ጽሑፉ። ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአትናቴዎስ እጅ የተሾመው በእርግጥ በእስክንድርያ ነው። ነገር ግን የቅብጥ ፓትርያርኮች በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መቀመጫቸውን ወደ ካይሮ አዛውረዋል፤ የማዕረግ ስማቸው ብቻ የእስክንድርያ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ ለማምጣት የሄዱ የነገሥታቶቻችን መልእክተኞች መድረሻቸው ካይሮ ነበር። አቡነ ባስልዮስም ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት በካይሮ ነው። የእስክንድርያው ሕንጻም የዛሬ መልኩን ያገኘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ይህ ክብሩን አይቀንስም፤ ቦታው የመንበረ ማርቆስ መነሻ ነው። የወንጌላዊውን ሥጋ በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች ወስደውታል፤ ራሱ ግን በዚያው እንዳለ የቅብጦች ትውፊት ይናገራል።

ለሚሄዱ፦ ከተማዋ ውስጥ የግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክም ስላለ «ፓትርያርክ» ብቻ ካሉ ታክሲው ወደዚያ ሊወስድዎ ይችላል። «ከኒሳ ሙርቆሲያ፣ መሐጠት ራምል» ይበሉ። በሚያዝያ 2017 በሆሳዕና ቀን በሩ ላይ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ስለደረሰ ፍተሻው ጥብቅ ነው፤ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ይገባል። ነጠላ መልበስ ምንም አያስቸግርም። ጫማ ግን እንደ እኛ በደጅ አይወለቅም፤ የሚወለቀው ወደ መቅደሱ ሲገባ ነው።

«ግብፅ በረሃ ናት፣ ዝናብ የለም» የተባለው ለአስዋን ልክ ነው። እስክንድርያ ግን በክረምቷ ትዘንባለች፤ ባሕሩም ይናወጣል። ዓሣ አጥማጆቹ ማዕበሎቹን በስም ያውቋቸዋል፣ «ነዋ» ይሏቸዋል፤ እያንዳንዱ የሚመጣበት ቀን ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። በኅዳር አጋማሽ «መክነሳ»፣ መጥረጊያው፣ ይመጣል፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ «ቃሲም» ይከተላል። ጥር ላይ የሚመጣው አንዱ «ነወት ኤል ጊጣስ» ይባላል፦ የጥምቀት ማዕበል። ቀኑ እንደ አውሮፓ ጃንዋሪ 19፣ የእኛው ጥር 11 ነው። ማዕበሉ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ሞገዱ ኮርኒሹን ይዘላል፣ መንገዱ በጎርፍ ይዘጋል። በጥቅምት 2015 ሰው የሞተበት ጎርፍም ደርሷል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት የሚሄድ ሰው አንድ ትርፍ ቀን ይያዝ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ካይሮ ሙሉ ወደ ባሕሩ ስለሚወርድ ሆቴል ይወደዳል። ለአየሩም ለኪሱም የሚመቹት መጋቢት፣ ሚያዝያና ጥቅምት ናቸው።

ጾመኛው ስንቅ መያዝ አያስፈልገውም። አንዲት ቃል ትበቃዋለች፦ «ሲያሚ»፤ የጾም ማለት ነው። ቅብጦች በዓመት ከ200 ቀን በላይ ስለሚጾሙ ሻጩ ወዲያው ይገባዋል። ጠዋት ፉል ነው፤ ግን ቅቤ የሚጨምሩ ስላሉ «ቢ ዘይት» ማለት ያስፈልጋል። «ዘይት ሃር» ካሉ ደግሞ የተልባ ዘይት ይጨመራል፤ የእኛ ሰው ጣዕሙን አይስተውም። የእስክንድርያው ፉል ተፈጭቶ በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በሰሊጥ ይለወሳል። ዓሣ ለሚበላ ሰው አንፉሺ ሰፈር ነው የሚኬደው። ዓሣው በረዶ ላይ ተዘርግቷል፤ ጉንጩን ከፍቶ ውስጡ ደማቅ ቀይ መሆኑን ማየት ነው። ዋጋው በኪሎ ሲሆን የሚመዘነው ሳይጠረግ ነው፤ የማብሰያው ለብቻ ይከፈላል። ሁለቱን ደምሮ ጠቅላላውን ከመጠበሱ በፊት መጠየቅ ጭቅጭቅ ያስቀራል። «ቢ ረዳ» ካሉ በስንዴ ፉርሽካ ተለውሶ በከሰል ይጠበሳል፤ ጥቁሩን ቅርፊት ልጦ መብላት ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ቪዛ አጭር እርምት፦ አብዛኞቹ የመንግሥት ጥንታዊ ቦታዎች በር ላይ የሚቀበሉት ካርድ ብቻ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የያዘ ሰው ይመለሳል። ቢጫና ጥቁሩ ታክሲ ቆጣሪውን ስለማይጠቀም ከመግባት በፊት ዋጋ መስማማት ወይም በስልክ መተግበሪያ መጥራት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛውን ከኤምባሲ አስቀድሞ ያወጣል፤ «ኤርፖርት ላይ ይሰጣል» የተባለው የአሜሪካና የአውሮፓ ፓስፖርት ላላቸው ነው።

የመጨረሻው፣ «ከከተማዋ ውጭ የሚታይ የለም» የተባለው፣ ከሁሉም በላይ የሚቆጨን ነው። ከእስክንድርያ ደቡብ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ላይ አቡ ሚና አለ፦ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ሰማዕትነት የተቀበለው የቅዱስ ሚናስ ቦታ። በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓለም ዙሪያ ተሳላሚ ይጎርፍበት ነበር። ተሳላሚው ጠበሉን ወይም ዘይቱን ይዞ የሚመለስባት ትንሽ የሸክላ ገምቦ ሙዚየሞች ውስጥ ትታያለች፤ ቅዱሱ እጆቹን ዘርግቶ በሁለት በተንበረከኩ ግመሎች መካከል ቆሟል። ቦታው በ1979 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በአካባቢው በተስፋፋው መስኖ የከርሰ ምድር ውኃ ስለተነሣና ሸክላማው አፈር ስለላላ በ2001 አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፤ ውኃው በፓምፕ ከተቀነሰ በኋላ በ2025 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። የሰማዕቱ መቃብር ምድር ቤት እንዳይናድ በአሸዋ መሞላቱን አውቀው ይሂዱ፤ የሚጠብቅዎ የግድግዳ መሠረትና የዓምድ ሥር ነው።

አጠገቡ ያለው አዲሱ የቅዱስ ሚናስ ገዳም በ1959 ተመሠረተ። የመሠረቱት አቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ ናቸው፤ በዚያው ዓመት አቡነ ባስልዮስን ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ አድርገው የሾሙት ፓትርያርክ። ያረፉት በ1971 ሲሆን ዐፅማቸው በ1972 ወደዚህ ገዳም ፈለሰ። መንበረ ማርቆስንና የእኛን ቤተ ክርስቲያን ያገናኘ የመጨረሻው ትልቅ ሹመት ባለቤት የት እንዳሉ ለማየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ የሚሄደው እዚህ ነው። መኪና ደርሶ መልስ፣ የመቆያ ሰዓቱ ጭምር በዋጋው ውስጥ መሆኑን ተስማምቶ ጠዋት መነሣት ይገባል፤ ገዳሙ ላይ መመለሻ ታክሲ አይገኝም። ኅዳር 15፣ የቅዱሱ በዓል ዕለት፣ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ መቃብሩ ዘንድ ቀርቦ ለመሳለም ሌላ ቀን ይመረጣል።